ከኋላ የምታለቅስ አይሱዙ፦ ሁለት ጊዜ ያስከፈለኝ ዲፈረንሻል

ድምፁን መጀመሪያ የሰማው ረዳቴ ነው። ከኢተያ ስንዴ ጭነን ወደ አዳማ እየወረድን ነበር። «ከኋላ የሆነ ነገር ያለቅሳል» አለኝ። እኔ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። እውነቱን ለመናገር መስማት አልፈለግኩም። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ አውድማው ሁሉ እህል ሞልቷል፤ ጭነት ተሰልፎ ይጠብቃል። በዚህ ሰሞን መኪናውን በገዛ እጁ ጋራዥ የሚያስገባ ሹፌር የለም።

ያቺ ልቅሶ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የጥርስ ቤት፣ አስፈታችኝ። የመጀመሪያው ወጪ ውሃ በላው። ይህን የምጽፈው ኤንፒአር (የእኔዋ የአይሱዙ ጭነት መኪና ሞዴል) ወይም የእሱ ዓይነት መኪና ለያዛችሁ፣ በተለይ «ይጮሃል» ብላችሁ ነገ ጋራዥ ልትገቡ ለተዘጋጃችሁ ነው። መካኒክ አይደለሁም። ስምንት ዓመት አንድ መኪና ላይ የተቀመጥኩ፣ ሁለተኛውን ጥገና ደግሞ መፍቻ እያቀበልኩ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ያየሁ ሰው ነኝ።

መስመሬ አጭር ነው። ከኢተያ፣ ከሁሩታና ከአሰላ ስንዴና ገብስ ወደ አዳማ አወርዳለሁ፤ ስመለስ ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ እጭናለሁ። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ አሰላ 2,400 ታልፋለች። 700 ሜትር ሽቅብ፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ። ዳገት ላይ ሁላችንም የምናዳምጠው ሞተሩን ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ግን በመጨረሻ የሚያልፈው ፒኞን በምትባል አንዲት ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት በኩል ነው።

የዲፈረንሻልን አሠራር የምታውቁት ዝለሉት። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ፒኞኑን ያዞራል፤ ፒኞኑ ትልቁን ክብ ጥርስ፣ ኮሮናውን ያዞራል። ከኮሮናው ጋር የሚዞሩ ትንንሽ ጥርሶች ደግሞ መሃል ላይ አሉ። መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው በላይ እንዲዞር የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው። የእኔ ፒኞን 7 ጥርስ፣ ኮሮናው 41 ጥርስ አላቸው። 41 ለ7 ሲካፈል 5.86 ገደማ ይመጣል። ጎማው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ ስድስት ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ሁለት ቦታ ትመጣለች።

መጀመሪያ እዚሁ አዳማ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ቀልጣፎች ናቸው፤ ችግሩም ቅልጥፍናቸው ነው። መኪናዋን ሳይነዷት በክሪክ አነሷት። ግራውን ጎማ ነቅነቅ አድርገው «ኩሽኔታ ነው» አሉኝ። የጎማው ኩሽኔታ፣ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ መንኮራኩር ቀለበት፣ ተቀየረ። ወጣሁ፤ ልቅሶዋ እንዳለ ነው። ተመለስኩ። «ክሮቼራ ነው» አሉኝ፤ የዘንጉ መጋጠሚያ ማለት ነው። እሱ እንኳ እውነት ነበረው። በአንደኛ ማርሽ ስነሳ «ቋ» የምትል ድምፅ ነበረች፤ ክሮቼራው ሲቀየር እሷ ጠፋች። ያሳሳተኝም ይኸው ነው። አንዱ ድምፅ ሲጠፋ ሌላውም አብሮ የሄደ መሰለኝ። መኪና ሁለት በሽታ በአንዴ ሊይዛት እንደሚችል አላሰብኩም።

በሦስተኛው ጊዜ «የፒኞን ኩሽኔታ ነው፤ ይፈታ» ተባለ። ከሰዓት በኋላ ፈቱት፤ ሳይመሽ ገጠሙት። የፒኞኑን ዳዶ ሲያጠብቁ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተው ሁለት ሆነው ተንጠለጠሉበት። «አጥብቀን ነው ያሰርነው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ያኔ ጥብቅ ማለት ጥሩ ማለት ይመስለኝ ነበር።

ድምፁ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ቆየ።

አንድ ቀን ከሰዓት ከአሰላ ስመለስ ዴራ ላይ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። ከመኪናዋ ስወርድ የተቃጠለ ድኝ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታው። የዲፈረንሻል ዘይት ሲቃጠል የሚሸተው እንዲህ ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ድኝ ያለበት ቅመም ስላለ ነው። ጎንበስ ብዬ በሃይላንድ የተረፈኝን ውሃ ዲፈረንሻሉ ላይ ጠብ አደረግኩበት። ጭስስ አለ። ጭነት ላይ የሠራ ዲፈረንሻል መሞቁ ያለ ነገር ነው፤ እጅ ለአፍታ ይችለዋል። ውሃ ሲያፈላ ግን ነገር ተበላሽቷል።

ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ «ግራሶ ሙላበት፤ ዝም ይላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዝም ይላል። አሮጌ መኪና ሊሸጡ ሲሉ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ ገዥው ሳምንት ሳይሞላው ያለቅሳል። ግራሶ እንደ ዘይት ፈስሶ ኩሽኔታው ጋ አይደርስም። ድምፁን አፍኖ ብረቱን ያስፈጀዋል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ብሎን አስፈትታችሁ ጣት አስገቡ። ሻጩ ቢከፋው ይክፋው።

በቀስታ አዳማ ገባሁ። በማግስቱ ሰዎች ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ላኩኝ። ጋራዡ ጋራዥ አይመስልም። ግቢ፣ አንድ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

«ጋሼ፣ ዲፈረንሻሌ ይጮሃል» አልኳቸው።

«ዲፈረንሻል መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ከኋላ ነው የሚመጣው።»

«መቼ ነው የሚጮኸው? ስትረግጥ ነው ስትለቅ? ቀጥ ስትል ነው ስትታጠፍ?»

ዝም አልኩ። ስምንት ዓመት ነድቼ ይቺን መመለስ አቃተኝ።

«ና፣ እንንዳት» አሉና ገቡ። ሬዲዮውን አጠፉት። ከወንበሩ ኋላ የሚንኳኳውን ጀሪካን ለረዳቴ አስያዙት። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ሄድን፤ ሜዳ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ያደረግነውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ይህን ሙከራ ማንም ሹፌር ራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

50 ላይ ስደርስ «ርገጥ» አሉኝ። ነዳጅ ስሰጥ ልቅሶው ከፍ አለ። «ሳትጨምር ሳትቀንስ ያዛት።» ቀነሰ፤ ግን አለ። «ልቀቅ።» አሁንም በቀጭኑ አለ። ቀጥሎ «ፎሌ አድርጋት» አሉኝ። ካምቢዮውን ነፃ አድርጌ በራሷ ስትንሸራተት ሞተሩ ዝቅ አለ፤ ድምፁ ግን ከፍጥነቷ ጋር እንጂ ከሞተሩ ጋር አልወረደም። በዚያች ቅጽበት ሞተርና ፍሪሲዮን ከጥርጣሬ ወጡ። ይህን ፎሌ ሜዳ ላይ ብቻ ሞክሩት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት በፎሌ የሚወርዱ ልጆች አሉ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ መጨረሻውን ገደል ሥር ታዩታላችሁ።

ከዚያ ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹ ላይ ነዳን። የጎማ ጩኸት መንገዱ ሲቀየር ይቀየራል። የእኔ አልተቀየረም። በመጨረሻ ባዶ ሜዳ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አጥፌ እንድዞር አደረጉኝ። ስትታጠፍ ብቻ የሚጮህ ከሆነ መሃል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ናቸው። በአንድ በኩል ስትታጠፍ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ የሚል ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ። የእኔ በሁለቱም ያው ነው።

«ስትረግጥ ብቻ የሚጮህ ጥርስ ነው» አሉ ጋሼ። «ስትረግጥም ስትለቅም የማይተውህ ኩሽኔታ ነው። አንተ ዘንድ ሁለቱም አሉ። ቀጭን ነው አይደል ድምፁ? የጎማ ኩሽኔታ እንዲህ አይቀጥንም፤ ያጉረመርማል።»

ስድስቷን ቁጥር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። ፒኞኑ ከጎማው ስድስት እጥፍ ስለሚፈጥን የእሱ ኩሽኔታ ሲጎዳ ድምፁ ቀጭን ነው። የጎማ ኩሽኔታ ወይም የኮሮናው የጎን ኩሽኔታ ግን በጎማው ፍጥነት ስለሚዞር ወፍራም ነው። ያ የመጀመሪያው ጋራዥ ይህን ቢሰማ ኖሮ የግራ ጎማዬን አይነካም ነበር።

ግቢ ስንመለስ ጋሼ ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ከዘንጉ ጋር የሚያያዘውን የፒኞን አፍ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት። እዚያ ላይ መነቃነቅ ፈጽሞ መኖር የለበትም። ዘንጉን ፈትተው ደግሞ በእጃቸው አዞሩት። «ና፣ አንተም ያዘው» አሉኝ። ያ ስሜት አሁንም መዳፌ ላይ አለ። ሲዞር ከባድ ነው፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ አሸዋ እንደሚፈጭ ይንኮሻኮሻል።

ቀጥሎ ዘይቱን ነጭ ሳፋ ላይ አፈሰሱት። ከግማሽ በታች ነው የወጣው። ጥቁር፣ ፀሐይ ላይ ሲያዩት እንደ ጥፍር ቀለም የሚያብለጨልጭ። መፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ፤ እሱን በጨርቅ ጠረጉት። እንደ ሊጥ የላመ ግራጫ ዝቃጭ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚመጣ ነው። እዚህ ላይ ግን በጥፍር የሚነሳ ስባሪ ነበር። ዘይቱ ወተት የመሰለ ቢሆን ደግሞ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ጎርፍ የሚያቋርጡ ሰዎች ይህን ይዩ።

«መተንፈሻው የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የምኑ?»

ሳቁ። በአክስሉ ቱቦ አናት ላይ ጣት የምታህል ቆብ ነገር አለች። እኔ በዘመኔ አላየኋትም። ጭቃ ደርቆባት ሸክላ ሆናለች። ጋሼ በካቻቢቴ ፈለፈሏት፣ ነቀሏት፣ በአፋቸው ነፏት። አትተነፍስም።

ነገሩ ሁሉ እዚች ጋ ነው የጀመረው። ዲፈረንሻል ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ አየሩ በዚያ ይወጣል። በክረምቱ ጭቃ ከተደፈነ ግን አየሩ መውጫ ሲያጣ በደካማው በኩል ይገፋል። ደካማው ኦይልሲሉ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት ነው። የእኔ በፒኞኑ በኩል ያለው ነው ያፈሰሰው። እርጥበቱን ከወራት በፊት አይቼው ነበር። «ላብ ነው» ብዬ አለፍኩት። በጎማ በኩል ቢያፈስ ደግሞ ዘይቱ የፍሬን ሸራው ላይ ይደርስ ነበር፤ ከኢተያ ቁልቁል ያንን አላስበውም።

ዘይቱ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠማው የፒኞኑ የፊተኛ ኩሽኔታ ነው። ዳገት ላይ ይብሳል። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ሲቃና የቀረው ዘይት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፊት ያለው ኩሽኔታ ደርቆ ይሠራል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ዳገት ነው። ያ የመጀመሪያው ጋራዥ ኩሽኔታውን ቀይሮ መተንፈሻውን እንደ ተደፈነ ተወው። አዲሱ ዘይትም በዚያው መንገድ ወጣ።

እሑድ ጠዋት መፍታት ጀመርን። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ስሙኝ። ኤንፒአር ላይ የእጅ ፍሬኑ ጎማውን አይደለም የሚይዘው፤ ካምቢዮው ኋላ ላይ ያለውን ዘንግ ነው። ዘንጉ ወይም አክስሉ ከተፈታ የእጅ ፍሬኑ ምንም አይዝም። ሰው ከሥሩ እያለ መኪናው ሊሄድ ይችላል። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ከፊትም ከኋላም ጎማዎቹ ሥር ታኮ ማስገባት ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥርም አይገቡም፤ ማንንም አያስገቡም።

የአዳማን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች በከንቱ አልተተከሉም። ጥርና የካቲት ላይ አቧራው ከመሬት ተነስቶ ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ክፍት ዲፈረንሻል ውስጥም ይገባል። ጋሼ የጭነት ሸራዬን አስወርደው ዙሪያውን እንደ ድንኳን ወጠሩት። መሬቱን ውሃ አስረጩ። የኩሽኔታ ጠላቱ አሸዋ ነው፤ አዲስ ኩሽኔታ ከማሸጊያው አውጥቶ ላሜራ ላይ አስቀምጦ ምሳ የሚበላ መካኒክ ካያችሁ ጋራዥ ቀይሩ።

የኤንፒአር ኋላ አንድ ምቾት አለው። አክስሎቹ ክብደት አይሸከሙም፤ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ በጎማው መሃል ያሉት ብሎኖች ተፈትተው አክስሉ ይመዘዛል። ሁለቱም ትንሽ ከወጡ በኋላ ኮሮናና ፒኞኑን የያዘው ጭንቅላት ከፊት በኩል ይወጣል። ከባድ ነው። ሦስት ሆነን ከሥሩ ክሪክ አድርገን ነው ያወረድነው።

ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ጋሼ ከመፍታታቸው በፊት የኮሮናውን ግራና ቀኝ የሚይዙት የኩሽኔታ ቆቦች ላይ በሹል ብረት ምልክት አደረጉ። ግራው አንድ ነጥብ፣ ቀኙ ሁለት። ቆቦቹ በየቦታቸው ስለተሞረዱ ከተቀያየሩ ልክ አይመጡም። እኔ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። እናንተም እያንዳንዱን ደረጃ አንሱ።

ሦስት ሳምንት ብቻ የሠራው አዲስ ኩሽኔታ ሲወጣ ሰማያዊ ሆኗል። ብረት ሲቃጠል የሚያመጣው ቀለም ነው። መንኮራኩሮቹ ላይ ቆዳቸው ተልጧል። «በዘይት ማነስ ብቻ አይደለም» አሉ ጋሼ። «አንቀው ነው የገደሉት።» ያ ሁለት ሰው የተንጠለጠለበት ቱቦ ትዝ አለኝ። ፒኞኑ ላይም ሁለት ጥርሶች ጫፋቸው ተቦርብሯል።

«ፒኞኑን ብቻ ብንቀይርስ?» አልኩ፤ ኪሴን እያሰብኩ።

«ባልና ሚስት ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፋትገው ነው የወጡት። አንዱን ብቻ ብትቀይር ዕድሜ ልክህን ይጮሁብሃል።»

እዚህ ላይ ያለው ጥፋት የራሴ ነው። ጋሼ «ጥርሱን ቆጥረህ ተናገር» ብለውኝ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ያለ ወዳጄን ደውዬ «ሶማሌ ተራ ሂድና የኤንፒአር ኮሮና ፒኞን ላክልኝ» አልኩት። ቁጥሩን ረሳሁት። በማግስቱ በሚኒባስ መጣ። ጋሼ ኮሮናውን በጠመኔ ምልክት አድርገው በጣታቸው ቆጠሩ። 43።

ልዩነቱ ሁለት ጥርስ ነው፤ ቦታው ላይ ሳይገባ አይቀርም። ግን 43 ለ7 6.14 ነው። በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ሞተሩ አምስት በመቶ ያህል በላይ ይዞራል። ዳገት ይቀልላታል፤ ሜዳ ላይ ነዳጅ ትበላለች። የፍጥነት መቁጠሪያውም ከካምቢዮው ስለሚያነብ ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። «ሥራህ ዳገት ብቻ ቢሆን እተውልህ ነበር» አሉ። መልሼ ላክሁት። ሻጩ ሳይከራከር ቀየረልኝ፤ የሄደብኝ የትራንስፖርትና የሁለት ቀን ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ኮሮናው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ባይገኝ ቁጠሩ። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፤ እስክታነቡት ይለወጣል።

ገጠማው ሙሉ ቀን ፈጀ። የተማርኩትም እዚህ ላይ ነው። የፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች ትንሽ ጫና ሊያድርባቸው ይገባል። ከላሉ ፒኞኑ ይወላወላል፤ ከታነቁ ይቃጠላሉ። መሃሉን በስሜት ማግኘት አይቻልም። ጋሼ የፒኞኑ አፍ ላይ ሲባጎ ጠመጠሙ። የሲባጎውን ጫፍ ባለ መንጠቆ የስፕሪንግ ሚዛን ላይ አሰሩት፤ ሥጋ የሚመዘንበት ዓይነት ነው። ቀስ ብለው ሳቡት። ፒኞኑ መዞር ከጀመረ በኋላ ሚዛኑ የሚያነበውን ያያሉ፣ ደብተራቸውን ያያሉ፣ ዳዶውን ትንሽ ይጨምራሉ፣ እንደገና ይስባሉ። አሥር ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። አንዴ አለፈባቸውና ፈትተው እንደገና ጀመሩ። እኔ በዚያ ቱቦ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት ልጆች እያሰብኩ ዝም ብዬ አየሁ።

ከዚያ ኮሮናው ገባ። ብሎኖቹ በቶርክ መፍቻ በመስቀለኛ ተራ ጠበቁ። ቀጥሎ በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ይለካል። ለእኔዋ ጋሼ የያዙት 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሁለት ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። እንደ መኪናው ስለሚለያይ የእናንተን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ እዩ። አንድ ቦታ ብቻ ለክተው አልተዉትም። ኮሮናውን እያዞሩ አራት ቦታ ለኩ፤ ኮሮናው ጠማማ ከሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል።

መጨረሻ ላይ ቀለም ቀቡት። አራት አምስት ጥርስ ላይ ስስ ቢጫ ቀለም። እኔ ኮሮናውን በእንጨት ገፋ አድርጌ እንዲከብድ ያዝኩት፤ እሳቸው ፒኞኑን አዞሩ። ጥርስ ከጥርስ የተነካካበት ቦታ ቀለሙ ይለቅና እንደ አሻራ ይታያል። አሻራው ጥርሱ መሃል ላይ መሆን አለበት። ወደ ጫፉ ከወጣ ፒኞኑ ከኮሮናው ርቋል፤ ወደ ሥሩ ከወረደ ከመጠን በላይ ቀርቧል። የመጀመሪያው አሻራ ጫፍ ላይ ወጣ። ፒኞኑ ወጥቶ ከኋላው ያለው ስስ ቀለበት ተቀየረ። ሁለተኛው ሥሩ ላይ። በሦስተኛው ቢጫው መሃል ላይ እንቁላል መስሎ ተቀመጠ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሻይ አዘዙ።

ኦይልሲሎቹ ተቀየሩ፤ ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ተቀየረ። መተንፈሻዋም በአዲስ ተተካች። ዘይት ላይ ሱቁ ውስጥ «90 ነው 140?» ነው የሚሏችሁ፤ ውፍረቱን ማለታቸው ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ጂኤል 5 የሚባለው የዘይት ደረጃ መሆኑ። የዲፈረንሻል ጥርሶች እየተጫኑ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተቱም ስለሚሠሩ ተራ ዘይት ከመሃላቸው ይገፋል። ጂኤል 5 ውስጥ ያለው ቅመም ብረቱ ላይ ይይዛል። ያንኑ ግን ካምቢዮ ውስጥ አትጨምሩት፤ መጽሐፉ ካልፈቀደ በስተቀር ውስጡ ያለውን ቢጫ ብረት (ናስ) ሊጎዳው ይችላል። ለእኔዋ ጋሼ የመረጡት 85 ደብሊው 140 ነው፤ ከባድ ጭነትና ሙቀት ስላለ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ ከንፈር እስኪደርስ ተሞላ። ትንሽ ነድተን፣ አስቀምጠን፣ እንደገና አየነው። ትንሽ ጠጥቶ ነበር፤ ጨመርንበት።

አዲስ ጥርስ ወዲያው ጭነት አይወድም። ባዶዋን ዴራ ድረስ ሄድኩ፤ ቆሜ አቀዘቀዝኳት፤ ተመለስኩ። ሳምንቱን በግማሽ ጭነት ሠራሁ። ነጋዴው ተቆጣኝ፤ ቢቆጣስ ምን አደርጋለሁ። 800 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን አፍስሼ በአዲስ ቀየርኩት። ያ የመጀመሪያ ዘይት ግራጫ ሆኖ ነው የወጣው።

ጋሼ ሲያሰናብቱኝ የኋላ ጎማዎቼን አዩ። በግራ አዲስ፣ በቀኝ የላሸ ነበር ያስገባሁት። «ቀጥ ባለ መንገድም ዲፈረንሻልህ እንደታጠፈ እየሠራ ነው» አሉኝ። ትንሹ ጎማ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር መሃል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ዕረፍት የላቸውም። ጭቃ ውስጥ ገብቶ አንዱ ጎማ ብቻ ሲሽከረከር ነዳጅ መርገጥም እነዚያኑ ጥርሶች ነው የሚፈጃቸው። ከጭቃ ለመውጣት አካፋና ድንጋይ ይሻላል። ይህን ረዳቴ ቢሰማው ደስ አይለውም፤ የሚቆፍረው እሱ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ረዳቴ መተንፈሻዋን በጣቱ ያሽከረክራታል፤ ከዞረች ጥሩ ነው። በወር አንድ ጊዜ የመሙያውን ብሎን ፈትተን ዘይቱን በጣት እናያለን። ከዴራ ስንወጣ ሬዲዮው ይጠፋል። ሰሞኑን ከቀኝ ኋላ ጎማ ውስጥ ትንሽ እርጥበት አይቻለሁ። ረዳቴ «ላብ ነው» አለኝ። እሑድ እንፈታዋለን።